ስሙ የማይገጥመው እንግዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚሸሸጉበትን ቤት ታስተዳድራለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው «ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አለ ውጭ ያለው። ዘበኛው ከፈተ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነበር።

ሴትዮዋ እንደ እሳት ነደደች። «ጋሽ ዘርፉ! "እኔ" የሚባል ሰው ያውቃሉ? ስም የለውም?»

«ኧረ እትዬ ትርሲት፣ ድምፁን ለይቼው ነው።»

«ድምፅ መታወቂያ ነው እንዴ? ስሙን ይናገር፣ መታወቂያውን ያሳይ፣ ሁለቱ ካልገጠሙ አይገባም!»

እውነቷን ነው። ጋሽ ዘርፉም ሰማ። በሳምንቱ አንድ ሰው መጥቶ «እኔ ነኝ» ቢለው ከደጅ መለሰው። ያ ሰው በዚያ ቤት የተሸሸገችው የዓይናዲስ ባል ነበር። ቤቱን ጠርጥሯል፤ መግቢያ ግን አጣ።

አጣ? ቆዩ።

ከዚያ የቤቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ትርሲት ላፕቶፗን ይዛ ማዶ ካለው ሆቴል ገባች። ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፦ «በሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፊኬት ላይ ያለው ስም ከሚፈልጉት ሰርቨር ስም ጋር አይገጥምም። ይቀጥሉ?»

ሰርቨር ማለት ኢሜይሏ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው፤ ሰርተፊኬቱም መታወቂያው። አላነበበችውም። ለምን ታንብበው? ቢሮዋም ውስጥ በየማለዳው ይኸው ነገር ይወጣል። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠይቃዋለች። አስተካክሎ እንደማጥፋት፣ ያ ሰነፍ ምን አላት? «ችግር የለውም እህቴ፣ ዝም ብለሽ "አዎ" በይው።»

ችግር የለውም! ይህች ቃል ስንት ቤት አፈረሰች!

«አዎ» አለችው። ያን ቀን ግን ከወዲያ ማዶ የቆመው የእሷ ሰርቨር አልነበረም። ሲከታተላት የሰነበተው የዓይናዲስ ባል፣ ኮምፒውተር አዋቂው፣ እዚያው ሆቴል ተቀምጦ በእሷና በሰርቨሯ መሃል ገብቷል። ኢሜይሏን መስሎ የይለፍ ቃሏን ተቀበላት። ደብዳቤዎቿን አነበበ። ዓይናዲስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ አወቀ።

ሐሙስ መንገድ ላይ ጠበቃት። አላፊ አግዳሚው ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቀብሯ ነበር።

ትርሲት ሆስፒታል ሄደች። ዓይናዲስ የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ «እትዬ፣ በሩ ተዘግቶ የለም እንዴ? ማን ነገረው?» አለቻት።

«ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ስለሚወጣ... ለምጄው ነው» አለች።

ለምጄው ነው! ሰማችሁ?

እናንተስ፣ ምዕመናን፣ ምን ለምዳችኋል? በጌታ ስም መጣሁ የሚል ሁሉ መድረካችሁን ሲረግጥ፣ ስሙና ሥራው እንደማይገጥም ልባችሁ አልጮኸም? ጮኋል! «ይቀጥሉ?» ሲላችሁ ምን አላችሁ? ልጃችሁን ለትዳር የጠየቀው ሰው አፉ ማር፣ እጁ ዱላ እንደሆነ ስትሰሙ ምን አላችሁ? «ችግር የለውም፣ ሲጋቡ ይሻለዋል!» አላችሁ። ሽማግሌዎች፣ አላላችሁም?

እኛ መምህራኑማ የባሰብን ነን። የሕዝቡ ኅሊና በጮኸ ቁጥር «ዝም ብላችሁ አሜን በሉ» ያልን እኛ ነን! የሐሰት ደወል ሲጮህ እያየ ያላስተካከለ፣ እውነተኛው ደወል ለሚጮኽበት ቀን ሕዝቡን አደንቁሮታል።

በየማለዳው የምትናቅ ያች ትንሽ ማስጠንቀቂያ የዓይናዲስ ክንድ ነበረች። እናንተ ዛሬ «አዎ» ያላችኋት የማን ክንድ ናት?

ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ከመክፈታችሁ በፊት «ማነው?» በሉ። «እኔ ነኝ» ቢላችሁ፣ አትክፈቱ።