የበዳሶ ስም ከዛዮች ተርታ

ተረቴ ሰንሰለት ናት፤ አንዱን ቀለበት የያዘ ሌላውን አይልቀቅ።

በዳሶ የሚባል ጡረታ የወጣ ቡጢኛ ነበር። በልጅነቱ የዛይ ሕዝብ ከሚኖርበት ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት ወደ ከተማ ሲመጣ እኩዮቹ «ዓሣ በል» እያሉ ስላላገጡበት፣ የየት ነህ ሲሉት «የከተማ ልጅ ነኝ» ይል ጀመር። ይህን እያለ ዋንጫ በላ፤ ይህን እያለ ሸበተ። አሁን ግን አንድ ነገር አማረው፦ ኢንተርኔት ላይ ባለው ኢንሳይክሎፒዲያ «ታዋቂ ዛዮች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንዲገባ። ሳይሞት።

ዝርዝሩን የምታሰናዳው ማስተዋል የምትባል ወጣት የታተመ ምንጭ ካልመጣ አላስገባም አለች።

«ልጄ፣ እኔው ራሴ አለሁ አይደል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ምንጭ አይደሉም።»

ወደ ጋዜጣው ሄደ። አዘጋጁ የድሮውን እትም ገለጠ፤ «የከተማው ልጅ በዳሶ» ይላል። ክለብዎ ካላረመ አላርምም አለ። ጋዜጣው አላርምም አለ፤ ማስተዋል አላስገባም አለች፤ የበዳሶ ስም ውጭ አደረ።

ወደ ቡጢ ክለቡ ሄደ። የደሴቱ ሽማግሌ ካልመሰከረ መዝገብ አንነካም አሉት። ክለቡ አልነካም አለ፤ ጋዜጣው አላርምም አለ፤ ማስተዋል አላስገባም አለች፤ የበዳሶ ስም ውጭ አደረ።

በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻገረ። ወደዚያ መንደር የሚመጣ ሰው ገና ውኃ ላይ ሳለ የማን ልጅ እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ካልተናገረ የጀልባውን ገመድ የሚቀበለው የለም። በዳሶ እንደ ልማዱ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ወረደ። ሽማግሌው አባ ገብሬ አላውቅህም አሉት።

«አባ፣ ከአባቴ ጋር መረብ ይጥሉ አልነበር?»

«የአባትህን ስም አንተ ከአፍህ ካላወጣኸው ማን ያውጣልህ?»

ሽማግሌው አልመሰክርም አሉ፤ ክለቡ አልነካም አለ፤ ጋዜጣው አላርምም አለ፤ ማስተዋል አላስገባም አለች፤ የበዳሶ ስም ውጭ አደረ።

በዳሶ ጀልባዋን ወደ ውኃው መልሶ ገፋ። ዳርቻው ላይ ከከተማ የመጡ ጎብኚዎች ቆመዋል። በዳሶ ጀልባዋ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«የቱጂ ልጅ በዳሶ ነኝ። ዛይ ነኝ።»

ከጎብኚዎቹ አንዱ ሳቀ። በዳሶ ወደ ሰውዬው ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

ያኔ ሽማግሌው ገመዱን ተቀበሉ። ሽማግሌው መሰከሩ፤ ክለቡ መዝገቡን ነካ፤ ጋዜጣው አረመ፣ የበዳሶንም ቃል አተመ፤ ማስተዋል አስገባች፤ የበዳሶ ስም ከወገኖቹ መካከል አደረ።