ወንዙን የምትጠላ ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏን ወንዝ የወሰደባት።

ውዳላት፣ ገና ሳልጀምር ፊትሽን አታኮሳትሪብኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ካናቢስ ለአዋቂ ሰው በሕግ ይፈቀድ ወይስ እንደተከለከለ ይቆይ ብለሽኛል። ምክር ቤታችሁ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ከርሟል፤ አንዱ ወገን «ልጆቻችንን ልታስፈጁ ነው» ይላል፣ ሌላው «እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችኋል» ብሎ ይመልሳል፣ አንቺም በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ ትሰጫለሽ። «ጋሼ፣ አዎ ወይም አይ ብለው ይንገሩኝ» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሕግ ሳስተምር አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ አልሆነልኝም። ተማሪዎቼ በዚህ ሲያሙኝ ነው የኖሩት፤ አንቺም ከነሱ አንዷ ነሽ። ስለዚህ ስለ ሴትዮዋ ልንገርሽ።

መንደሯ ሰፊ ወንዝ ዳር ነበር። ከወዲያ ማዶ ገበያ አለ፣ ዘመድ አለ፣ የተዳሩ ልጆች አሉ። በበጋ ሰው ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በእግሩ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና ያለ ዋናተኛ የሚሻገር የለም። ዋናተኞቹ የፍየል አቁማዳ በትንፋሻቸው ይነፋሉ፣ አፉን በጠፍር ጥርቅም አድርገው ያስራሉ፣ መንገደኛውን በላዩ ላይ ያስተኙና ከኋላ እየዋኙ እየገፉ ያሻግራሉ። መሻገሪያው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ውሃው ድንጋዩን ከሸፈነው በዚያ ቀን ማንም አይሻገርም፤ የአገሩ ወግ ይህ ነበር። ድንጋዩን የሚጠብቁት ግን ራሳቸው ዋናተኞቹ ናቸው። የዋናተኛ ቤት ምድጃ የሚነደው ሰው ሲሻገር ነው። እና ውሃው ድንጋዩን ውጦት እያየ «ጫፉ ይታየኛል» የሚል አይጠፋም ነበር።

በአንድ የሐምሌ ቀን አሥራ አራት ለቀስተኞች ወደ ማዶ ለመሻገር መጡ። ድንጋዩ አይታይም። ለቅሶ ደግሞ ነገ አይባልም። ዋናተኞቹ እርስ በርስ ተያዩና «ይታያል» አሉ። ከአሥራ አራቱ ማዶ የደረሱት አምስት ብቻ ናቸው። የሴትዮዋ ባል ካልደረሱት ዘጠኙ አንዱ ነበር።

ሴትዮዋ እርሟን እንዳወጣች የአሥር ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ወደ አገሩ ገዥ ሄደች። እግሩ ላይ ወድቃ «ወንዙን ይዝጉልኝ» አለችው። ገዥው ቅን ሰው ነበር። አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ነጋሪት አስጎስሞ አወጀ፤ ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ወንዙን የተሻገረም ያሻገረም ይገረፋል፣ መሬቱም ይወረሳል። አቁማዳዎቹ ተሰብስበው ገበያ መሃል ተቃጠሉ። ሰው ሁሉ ገዥውን መረቀ። ሴትዮዋም ባሏ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

አዋጁ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልብ በይልኝ። ከሐዘን የወጣ አዋጅ ነው፣ ከሐዘን የወጣ ነገር ላይ እኔ አልቀልድም።

ነገር ግን ገበያው ከማዶ አልተነሳም። ዘመድም አልተነሳም። ከመሻገሪያው በታች አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ወንዙ በሁለት ገደል መሃል ይጠባል፤ ከመንደርም ከመንገድም አይታይም። ሰው ወደዚያ መውረድ ጀመረ። እዚያ ውሃው ጠባብ ነው ግን ይጣደፋል፣ ልኩን የሚያሳይ ድንጋይ የለም። ደህና ደህናዎቹ ዋናተኞች መሬታችን ይወረሳል ብለው ፈርተው ወደ እርሻቸው ገብተዋል። ገደሉ ሥር የቀሩት የሚወረስ መሬት የሌላቸው፣ አረቄ ጠጥተው ውሃ የሚገቡ፣ የሚያሻግሩት ሕፃን ይሁን አዋቂ የማይጠይቁ ነበሩ።

ወንዙም መውሰዱን አልተወም። ለሚወስደው ሰው ግን የሚያለቅስለት ጠፋ። ቤተሰቡ ጮኾ ካለቀሰ የት ሞተ ይባላል፣ የት ሞተ ከተባለ ጅራፍ ይመጣል። ስለዚህ ሚስት ባሏን «ለሥራ ቆላ ወርዷል» ትላለች፣ አባት ልጁን «አጎቱ ዘንድ ነው» ይላል። ገዥው በየዓመቱ በመስቀል ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰብስቦ «ዘንድሮ ወንዙ ስንት ሰው ወሰደ?» ብሎ ይጠይቃል። «አንድም» ይሉታል። ጸሐፊውም ባዶ አድርጎ ይጽፋል። ገዥው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያመሰግናል።

የሴትዮዋ ልጅ አድጋ ማዶ ተዳረች። አዋጁ በወጣ በስምንተኛው ዓመት አረገዘች፤ የመውለጃዋ ወር ነሐሴ ሆነ። የዚያ አገር ወግ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ይላል። እናቷ ገና በግንቦት «ወጉ ይቅርብኝ፣ እዚያው ውለጂ» ብላ ላከችባት። የባልየው እናት ግን «ምራቷን ለወግ እንኳ ሳታበቃ አስወለደች ልባል ነው» ብላ ከፋት። ልጅቱም የእናቷ ናፍቆት ነበረባት። ዛሬ ነገ ሲሉ ሰኔ ሚካኤል አለፈ። በነሐሴ አጋማሽ ባልየው ይዟት ወደ ገደሉ ወረደ።

የአቁማዳው ጠፍር መሃል ውሃ ላይ ተፈታ። ያሰረው ሰው ሰክሮ ነበር።

ባልየው በሌላ አቁማዳ ተሻግሮ ስለነበር ተረፈ። ከነእርጥቡ አማቱ በር ላይ ቆመ። አይታው ሁሉ ገባት። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን «እናቴ፣ እባክዎ አይጩሁ» አላት።

አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ለጎረቤት «ልጄ እዚያው በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ናት» አለች። ሰው መጣ። «እንኳን ማርያም ማረችልሽ» አሏት። «አሜን» አለች። አርባ ቀን ያህል መንደሩ ሁሉ እየመጣ እንኳን ማርያም ማረችልሽ ሲላት አሜን ስትል ቆየች። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ይከብደኛል።

መስቀል ደረሰ። ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ገዥው እንደ ልማዱ ጠየቀ፣ እንደ ልማዱም «አንድም» አሉት። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሳ ሴትዮዋ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። ነጠላዋን አውልቃ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች። አርባ ቀን የታፈነ ጩኸት ነው። ልጆች እናቶቻቸው ጉያ ገቡ።

ገዥው ደነገጠ። «ምን ሆንሽ?» አላት።

«ልጄን ወንዙ ወስዷታል። ገደሉ ሥር። ጌታዬ፣ አንድ ብለው ያስጽፉልኝ።»

አማቾቿ ቆመው ነበር። ጅራፉ በነሱ ላይ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ግን ከዚህ በላይ አሜን ማለት አልቻለችም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። «ወንድሜ ቆላ አልወረደም» አለ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ሚስት ተነሳች። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጸሐፊው ሠላሳ ስድስት ስም ጽፎ ነበር። ገዥው ፊቱን በኩታው ሸፈነ። በዚያ ቀን ማንም አልተገረፈም።

ከዚያ ለሦስት ቀን ተከራከሩ። «ይከፈት፤ ሰው በራሱ ነፍስ የሚያዝ ራሱ ነው» ያሉ አሉ። «ከከፈትነው ሳይሻገር የኖረውም ይሻገራል፤ ይልቅ ጅራፉ ይጠንክር፣ ገደሉ ላይም ዘበኛ ይቁም» ያሉም አሉ። ሁለቱም የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የዋናተኞቹ አለቃ ተነሳና «ወንዙን የምናውቀው እኛ ነን፤ ይከፈት፣ ድንጋዩንም እንደ ድሮው እኛ እንጠብቅ» አለ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ገዥው ራሱን ነቀነቀ፣ ብዙ ሰውም ደስ አለው።

ሴትዮዋ እንደገና ተነሳች። «እኔ ወንዙ እንዲከፈት አልፈልግም» አለች። «ከከፈታችሁት ግን ድንጋዩን ለኔ ስጡኝ።»

ሳቁባት። ዋና አትችልም፣ እግሯን እንኳ ውሃ ነክሮ የሚያውቅ የለም። ገዥውም «አንቺ እኮ ወንዙን ትጠይዋለሽ» አላት።

«ስለዚህ ነዋ የምጠይቀው። እኔ ጫፉ ይታየኛል አልልም።»

ገዥው ዋናተኞቹን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወንዙን ከፈተ። በመሻገሪያው ብቻ፣ በቀን ብቻ፣ ላደገ ሰው ብቻ፣ ባልጠጣ ዋናተኛ። ድንጋዩንም ለሴትዮዋ ሰጣት። አጠገቡ ጎጆ ተሠራላት።

ከዚያ ወዲያ ሰው አልሞተም ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ሞቷል። አንድ ዓመት ሁለት፣ አንድ ዓመት አምስት፣ አንዳንዱ ዓመት ማንም አልሞተም። ከዚያ በፊት በክረምት ተሻግረው የማያውቁ ሰዎችም መንገዱ ተከፈተ ብለው ተሻግረዋል፤ ከነሱም የቀረ አለ። ድንጋዩ ሲሸፈን ተደብቀው ወደ ገደሉ የሚወርዱም ጨርሰው አልጠፉም። የሞተው ግን ይለቀስለታል፣ ለምን እንደሞተም ይጠየቃል፣ በማግስቱ የሚስተካከል ነገር ካለ ይስተካከላል። ነጋዴዎች እየመጡ «አንድ ጣት ብቻ ነው የሸፈነው» ይሏታል። «አይታየኝም» ትላለች። አንድ ጊዜ ገዥው ራሱ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞት በበቅሎ መጣ። «አይታየኝም፣ ጌታዬ» አለችው። በቅሎዋን አዙሮ ተመለሰ፤ እንደተቆጣ ግን ያስታውቅ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ክረምት እዚያ ኖረች። አንድም ቀን ወንዙን አልወደደችውም። ፊቷን የምትታጠበው እንኳ በጉድጓድ ውሃ ነበር።

ውዳላት፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ወንዙ ያ ዕፅ ነው። ሰው ማዶ ምን እንደሚፈልግ አልፈርድበትም፤ ሕመሙን ሊያስታግስ የሚሻገር አለ፣ እንዲሁ ለመሻገር ብቻ የሚሻገርም አለ። ገደሉ ዛሬ ያ ዕቃ የሚሸጥበት ስርቻ ነው፤ ሻጩ የገዢውን ዕድሜ አይጠይቅም፣ ምን እንደቀላቀለበትም አይናገርም። ገዥው እናንተ ናችሁ። ዋናተኞቹም ሲፈቀድ የሚሸጡት ናቸው፤ እነሱም ጥሩ ተናጋሪዎች ናቸው፣ ምክር ቤት ድረስ መጥተው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

የላክሽልኝን የፈቃድ ረቂቅ አነበብኩት። ስለ መሸጫው፣ ስለ ማሸጊያው፣ ስለ ግብሩ በደንብ ተጽፏል። ድንጋዩን የሚጠብቀውን፣ የዕፁን ልክ የሚወስነውን ቦርድ አባላት ዝርዝር አየሁ። አብቃዩ አለ፣ ሻጩ አለ፣ ግብር ሰብሳቢው አለ። ልጇ በዚህ ዕፅ አእምሮው የታወከባትን እናት ፈለግኳት፤ የለችም። የተቃዋሚዎቹንም ረቂቅ አነበብኩት። ቅጣቱ ዕጥፍ ይሁን ይላል። ይህችው እናት ልጄ ይታሰርብኛል ብላ ሳትፈራ ታመመብኝ ብላ የምትጮህበትን ቦታ ፈለግኩ፤ እሱም የለም።

አዎ ማለቱም አይ ማለቱም ያንቺ ነው፤ ለዚያ ነው የተመረጥሽው። ድምፅ ከመስጠትሽ በፊት ግን ያቺን እናት ፈልጊያት፣ አድራሻዋን ማግኘት አያቅትሽም። ይከልከል ካልሽ ማልቀሻ ቦታ ስጫት። ይፈቀድ ካልሽ ድንጋዩን ስጫት። አንዱንም የማትሰጫት ከሆነ እጅሽን ባታወጪው ይሻላል።