ቋንቋ እሰማለሁ ያለው መንገደኛ

አንድ ሰው ነበረ፤ አገር ሊያይ ባሕር የተሻገረ። በአውቶቡሱ አብረውት የሚጓዙ ያገሩ ልጆች በጨዋታ መሀል፣ «ጌታው፣ የነዚህን ሰዎች ቋንቋ ይሰማሉ?» ቢሉት፣ «እንደ ውሃ ነው የምጠጣው!» አለ። የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ዳቦ» እና «ስንት ነው»።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! የፊት ወንበር ተለቀቀለት። ጉርሻው በዝቶ ቀበቶው ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። የገዛ ልጆቹ «ሳትሞት ዓለምን እይ» ብለው የላኩት አንድ ሽማግሌ ገበሬማ ከጎኑ አልለይ አለ። «አንተ ባትኖር እንደ ከብት አይተን እንመለስ ነበር» ይለዋል። ሰውዬውም በየድንጋዩ የተጻፈውን ሁሉ ከሆዱ እየፈጠረ ይተረጉምለታል። እስከዚያ ድረስ የተጎዳ የለም።

በሦስተኛው ቀን ፍል ውሃ ሊያዩ ወረዱ። መሬቱ ነጭ ነው፣ ለጥ ያለ፤ ከሥሩ ግን ጭቃ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። አንድ ጠባቂ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉ ሁሉም።

ሰውዬው ጆሮውን አቀና። አንዲት ዳቦ እንኳ አልሰማም። «አላውቅም» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች፤ የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ ተመልሳ ወረደች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቀረብ ብላችሁ እዩ ነው የሚል» አለ።

ሽማግሌው ባደገበት ደንብ የባለቤት ግብዣ እምቢ አይባልም። ባርኔጣውን አወለቀና ለጠባቂው እጅ ነሣ። «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ገባ። በአራተኛው እርምጃ መሬቱ ተሸነቆረ። ጭቃው ባርኔጣውን እንኳ መልሶ አልተፋም።

ጠባቂው እየሮጠ ደርሶ ራሱን ይዞ አለቀሰ። አንዲት ሴት ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ጌታው፣ አሁንስ ምን ይላል?»

«አላውቅም» አለ። ቃሏ ወጣች፤ ሽማግሌው ከገባ በኋላ።

እንግዲህ አንዳርጌ፣ መድኃኒተኛው አባትህ ሞቶ ሰው ደጅህን ቢሞላው፣ «የማላውቀውን በሽታ አላውቅም ብል አይንቁኝም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ይንቁሃል እንጂ! አንድ ሰሞን መሳቂያ ትሆናለህ። ነገር ግን ነገ አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለውን ልጇን አዝላ ስትመጣ፣ አንተም አፍረህ ከአባትህ ከረጢት ስሙን የማታውቀውን ቅጠል ዘግነህ «አጠጪው» ካልሃት፣ ያ ጠባቂ ሲጮህ «እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል» ያልኸው አንተ ነህ። እሷም አመስግናህ ነው የምትሄድ።