መንገዱን ማን ዘጋው?

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በጋሪ መሄድ ለምደው መንገዱ ግን እንደ ድሮው ጠባብ በነበረበት ዘመን፣ መንገደኛ እየጫነች የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። በዓለም ላይ ያለቻት አንዲት ውርንጭላ ናት። ጠዋት ስትወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደምትመለስ ነግራ፣ ከበር እንዳትወጣ አስጠንቅቃት ሄደች።

ታዲያ የዚያን ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ የጋሪዋ ጎማ ወለቀ። እንደ መንገዱ ልማድ፣ ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጫት ትልልቅ ድንጋዮች አንከባላ ደረደረች። ጎማውን ገጥማ ስትጨርስ ድንጋዮቹን ልታነሳ ዞር አለች። ተሳፋሪዋ ቀበሮ ግን ገበያው ሳይሞቅ ለመድረስ ቸኩሏል።

«ተዪው እባክሽ፣ እመት አህያ» አላት። «ሁሉም ትቶት አይደል የሚሄደው? ደግሞስ ድንጋዩ ላይ ስምሽ ተጽፏል?»

እሷም ረፍዶባት ነበርና፣ እውነቱን ነው ብላ ትታው ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ገበያ ለገበያ ስትጎትት ውላ፣ አመሻሽ ላይ ቀበሮን መልሳ ጭና ወደ ቤቷ ስታቀና፣ ጉድ ነው የጠበቃት! ከዳገቱ አናት ጀምሮ መንገዱ በጋሪ ጥቅጥቅ ብሏል። በሬው ያገሳል፣ ፍየሏ ትሳደባለች፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። አያ ጅቦማ ወረፋውን ጥሶ በተቃራኒው በኩል ገብቶ፣ ሽቅብ ከሚመጣ ጋሪ ጋር ግንባር ለግንባር ተፋጦ ቆሟል። ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄ ሁሉ ከተሰለፈማ መቼም የሚታደል ሥጋ አለ ብዬ ነው» አለ። እንግዲህ እሱን ምን ይሉታል?

ፀሐይ ትወርዳለች፣ ጋሪዎቹ ንቅንቅ አይሉም። አህያ ወገቧ ተቆርጧል፣ እግሯ ዝሏል፣ ሐሳቧ ግን ቤት ነው። ልጄ ብቻዋን ትፈራለች እያለች ተብሰለሰለች። በመጨረሻም መንገዱን የዘጋውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ የእጁን ይስጠው ብላ ረገመች። ቀበሮም አብሯት አሜን አለ።

መታገሥ ሲያቅታት ጋሪዋን ፈትታ በመሀል በመሀል እየተሹለከለከች ቁልቁል ወረደች። እንስሳቱ አንድ ቦታ ከበው ቆመዋል። ገፍታ ገባች።

ድንጋዮቹ ጠዋት እንደደረደረቻቸው ናቸው። ከሥራቸው ውርንጭላዋ ወድቃለች፤ የፊት እግሯ ተሰብሯል።

አህያ ሮጣ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እማዬ» አለች ውርንጭላዋ እያለቀሰች፣ «ስትቆዪብኝ ልቀበልሽ ስሮጥ በአቧራው ድንጋዩ አልታየኝም። ማን ነው እዚህ ትቶት የሄደው?»

አህያ ዘወር ብላ ቀበሮን ፈለገችው። እሱ ግን ወሬው ደርሶት ነገሩ ሲገባው ከጋሪው ወርዶ በጫካው በኩል እብስ ብሏል።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

ከከበቧቸው መካከል አንበሳ ውርንጭላዋን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ጋሪ ላይ ሲያስተኛት፣ እናቷ እያነባች ድንጋዮቹን ወደ ዳር ታንከባልል ጀመር። መንገዱም ወዲያው ተከፈተ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለራሳችን ብለን መንገድ ላይ ያኖርነውን ሳናነሳ ከሄድን፣ ማን ተሰናክሎ እንደሚወድቅበት መምረጥ እንደማንችል ነው።