የአጋም ሜዳ ትምህርት ቤት ክዳን

ሰው የያዘውን ለቆ ያልጨበጠውን ሲጠብቅ፣ በሬውን ሸጦ «ትራክተር ይመጣልኛል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ የአጋም ሜዳ ሰዎች የሚሏት አንዲት አባባል አለች። የሌላ አገር ሰው ሲሰማት ስለ ቤት አሠራር የተሰጠ ምክር ትመስለውና ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አጋም ሜዳዎች ግን ሲሏት አይስቁም። የተነገረችበትን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ነገሩንም እንዲህ ያወሩታል።

የአጋም ሜዳን ትምህርት ቤት ያሠራው መንግሥት አይደለም። ያሠራው የጓሊት ወንዝ ነው ቢባል ይሻላል። ድሮ የአገሩ ልጆች የሚማሩት ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ትምህርት ደግሞ የሚከፈተው በመስከረም፣ ውሃው ገና ሳይጎድል ነው። አንድ መስከረም ላይ የአንድ ደምለው የሚባል ገበሬ የበኩር ልጅ ከነደብተሩ ወንዝ ውስጥ ቀረ። ደምለው የልጁን አርባ ካወጣ በኋላ አገሬውን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ለዚህ ወንዝ ልጅ አንገብርም» አለ። በዚያው ዓመት ሰዉ እንጨት አዋጣ፣ ጭቃ አቦካ፣ ኅዳር ላይ ሣር አጨደና በደቦ ከደነው። መንግሥትም መምህራን ላከ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ጎበጥ ያለ ነበር፤ ግድግዳውም በየዓመቱ ምርጊት ይፈልጋል። ቢሆንም እሱ ከተሠራ ወዲህ ጓሊት የአጋም ሜዳን ልጅ አልበላም። ደምለውም የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ።

ብዙ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ክልሉ የትምህርት በጀት ቀነሰ የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ ጠመኔ ጠፋ። ከዚያ የመምህራኑ ደመወዝ እየዘገየ ሄደ። ከመምህራኑ ሁለቱ «ቤተሰብ ጠይቀን እንመለሳለን» ብለው እንደወጡ ቀሩ፤ ማንም አልፈረደባቸውም፣ የራበው ሰው ማስተማር አይችልም። ሚያዝያ ላይ ርእሰ መምህሩ ይስማው ደምለውን ለብቻው ጠራው።

«አያ ደምለው፣ የተቀነሰው በጀት ካልተተካ በመስከረም ይህ በር አይከፈትም። ልጆቹን ወደ ማዶ ነው የሚያዛውሯቸው።»

ደምለው «ማዶ» የሚለውን ሲሰማ እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

ግንቦት ሲገባ ከወረዳ አቶ ልዑልሰገድ የሚባል ሰው በመኪና መጣ። ትሑት፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ክልሉ የቀነሰውን የሚያካክስ ድጎማ መልቀቁን ሲናገር ሴቶቹ እልል አሉ። እሱ ግን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው።

«ለሁሉም አይዳረስም። የባሰባቸው ይቀድማሉ» አለ። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ቀና አለ። «እናንተ እኮ ደኅና ናችሁ። ክዳን አላችሁ። ልጆች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው የሚማሩበት አገር እያለ እናንተን ላስቀድም?»

«ክዳን ባይኖረንስ ኖሮ?» አለ ደምለው።

ሰውዬው ሳቀ። «እንደሱማ ቢሆን ከፊተኞቹ ትሆኑ ነበር። ከደመወዙም አልፎ ቆርቆሮ ይደርሳችሁ ነበር፣ ያውም ሰኔ ሳይጠባ።» ይህን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

የሚቀጥለው እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ ደምለው ሐሳቡን አወጣው። ሣሩን እናውርደው፤ ክዳን የለንም እንበል፤ ድጎማው ሲመጣ በቆርቆሮ እንክደነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የሣር ነገር ለማንም የተሰወረ አልነበረም። የክዳን ሣር የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። በግንቦት ያወረደ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ለብሶ ይከርማል።

የደምለው ጎረቤት ጠጄ ብድግ አለች። ባሏ የሞተባት፣ ደብሬ የምትባል አንዲት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት።

«አያ ደምለው፣ ክፉ አይምሰልህና ሣሩ ቢያፈስም ሣር ነው። ሰውዬው የተናገረው በአፉ ነው። ቢቀርስ? የትኛው አገር ነው በሐምሌ ሣር የሚያጭዱት?»

«አንቺ ሣሩን ታውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ ወንዙን አውቃለሁ» አለ ደምለው። «በመስከረም በሩ ከተዘጋ ልጅሽን ማን ያሻግርልሻል?»

ይኼን ጊዜ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ «ጠጄ እኮ ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ ጩኸቱን ፈርታ ነው!» ሲል ሰዉ በሳቅ አውካካ። ጠጄም አፍራ ተቀመጠች። ሳቅ ስንቱን ጥሩ ምክር ገድሏል! ደምለው ልጁን የገበረ ሰው ነውና ከእሱ በላይ ለልጆች አሳቢ ሊገኝ አይችልም ተባለና ነገሩ በዚያው ተቋጨ።

ሊከድኑት ስንት ጊዜ የለፉበትን ሣር ለማውረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። የመጀመሪያውን እፍኝ ነቅሎ የጣለው ራሱ ደምለው ነው። አሮጌ ሣር አንዴ ከተነቀለ ይሰባበራል እንጂ ተመልሶ አይወጣም፤ ያንኑ ስብርባሪ ሰዉ ለእሳት ማያያዣና ለጥጃ መኝታ እየታቀፈ ወሰደው። በማገሩ መካከል ሰማዩ ታየ። ልጆቹ እየሳቁ ቀና ብለው አዩት። ጓሊትም በዚያ ሰሞን ድንጋይ ለድንጋይ የምትዘለል ቀጭን ውሃ ነበረች።

«ክዳን የለንም» የሚለው መልእክት ወደ ወረዳ ሄደ። መልስ አልመጣም። የመጣው ዝናብ ነው፤ ያውም ከወትሮው ቀድሞ። የእድሩን ድንኳን አንዱ ክፍል ላይ ወጥረው ጥቂት አስተማሩ። ከዚያ የላይኛው ሰፈር ሽማግሌ ሞቱና ድንኳኑ ለለቅሶ ተፈለገ። ይስማው ልጆቹን በዝናብ ማስቀመጥ አልሆነለትምና ወደየቤታቸው ሰደዳቸው። ሰኔ ሲያልቅ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ረጥቦ ረጥቦ ተናደ።

ደምለው ጭቃውን እየረገጠ ወረዳ ድረስ ሄደ። አቶ ልዑልሰገድ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው፤ ወንበርም ሰጠው።

«ድጎማው ደርሷል» አለው። «መመሪያው ግን በሌላ መልክ መጣ። ዓላማው መምህር እንዳይበተን ስለሆነ በማስተማር ላይ ላሉ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው የሚሰጠው። የእናንተ ደግሞ ተዘግቷል።»

«የዘጋነው ክዳኑን ስላወረድን ነው! ያወረድነውም እርስዎ ክዳን የሌለው ይቀድማል ስላሉን ነው!»

«አቶ ደምለው፣ አፍርሱ ብያለሁ?»

እውነትም አፍርሱ አላለም። ለዋሸ ሰው መልስ ይገኝለታል፤ ላልዋሸው ግን ምን ይባላል? ከማዶ ያለው ትምህርት ቤት ክዳኑ ከአጋም ሜዳ የባሰ ያፈስ ነበር። ልጆቹን ወደ ደረቁ ጥግ እየገፋ ማስተማሩን ስላላቆመ ግን ድጎማው ደረሰው። ይስማውም ደመወዝ ወዳለበት ወደዚያው ተዛወረ።

መስከረም ጠባ። ደምለው በወንዙ ላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ወጠረ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አንድ በአንድ በትከሻው ያሻግራል፤ ከሰዓት በኋላም ይመልሳል። ማንም አላዘዘውም። ሚስቱ «ሽማግሌ እኮ ሆነሃል» ብትለውም ማለዳ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ማታ ሲተኛ የውሃው ድምፅ ከጆሮው አይወጣም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አጋም ሜዳ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ ዘነበ። ደምለው ሌሎቹን መልሶ ለመጨረሻዋ ልጅ ተሻገረ። የቀረችው የጠጄዋ ደብሬ ነበረች።

«አያ፣ ውሃው ደፈረሰ» አለችው ትከሻው ላይ ሆና።

«አንገቴን ጥብቅ አድርገሽ ያዥ፣ እናቴ።»

መሐል ሲደርሱ ደራሹ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ደምለው በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው እግሯን እንደያዘ ግንዱ ከጎኑ መታው። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት። በሌላው እጁ የነበረው የልጅቷ ጫማ ብቻ ነው። ደብሬን በማግስቱ ከታች፣ አሸዋው ላይ አገኟት።

የቀብሯ ለት ደምለው ከሰው ኋላ ቆሞ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ትልቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ እንደ ነፍሰ ገዳይ፣ ጠጄ ደጃፍ ላይ ተደፋ። በዚያ እድር ላይ የሳቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎቹ «ማሪው» ሊሏት ብድግ አሉ፤ እሷ ግን ቀደመቻቸው።

ጠጄ ነጠላዋን አገልድማ ተነሣች። ደምለው አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አልጠላህም» አለችው። «ልጄን የያዝካት እስከ መጨረሻው ነው፣ ይህንን አይቻለሁ። የልጅህ ሐዘን ዓይንህን ጋረደው፤ እኛም ዓይን እያለን ተከተልንህ። ይቅር ብልህም ደብሬ አትመለስም፣ ባልልህም አትመለስም። እንግዲህ ለቀሩት ልጆች ብለህ፣ ሰጪ ነኝ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር በየደጁ እየዞርክ ይህንን ንገርልኝ፦ ቆርቆሮው ሳይመጣ ሣሩን አታውርድ።»