የባሻ ደምለው ጥርስና የድንበሩ ወይራ

ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ፣ በአጥር ላይ ሲቀባበል የመጣ ወሬ ነው።

የጥድ አምባው ባሻ ደምለው ሰባ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ከጥርሳቸው አንድም አልወለቀም። እናንተዬ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቆሎውን በሙቀጫ እያስወቀጠ ሲቅም፣ እሳቸው ሽምብራ ሲቆረጥሙ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር! ነገሩ ሌላ አይደለም። በድንበራቸው ላይ ካለችው ወይራ ማለዳ ማለዳ መፋቂያ ይቆርጣሉ፤ ጫፉን አኝከው አለስልሰው፣ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ይፍቃሉ። በልተው ሲነሱም በጨው ውሃ ይጉመጠመጣሉ።

የድንበር ጎረቤታቸው ቀኛዝማች ወንድይራድ ግን አፋቸው ባዶ ነው። ማር ሲልሱ ይውላሉ እንጂ መፋቂያ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ታዲያ ያቺን ወይራ ቆርጠው ለአዲሱ አዳራሻቸው ምሰሶ ሊያደርጓት ከጀሉ።

አንድ ቀን በበቅሎ ሲያልፉ፣ ባሻ ደጃፋቸው ቆመው ሲፍቁ አዩዋቸው። “ምነው ባሻ፣ በስተርጅና ይህን ያህል መፋቁ ለማን ነው? ሙሽራ ልታመጣ ነው?” ብለው ሣቁ።

«የለም ጌታዬ፤ ረቡዕ ምን እንደበላሁ ሚስቴ እንዳታውቅብኝ ነው።»

ደግሞ አቶ አጥናፉ የሚባሉ፣ ለዶሮ እንኳ ገብስ ቆጥረው የሚሰጡ ቆንቋና ነበሩ። ለልጃቸው ሠርግ ማረስ ያቃተው ያረጀ በሬ አረዱ። ቁርጡ ሲቀርብ ሽማግሌው ሁሉ መጥጦ መጥጦ ተወው። ባሻም አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። አቶ አጥናፉ ደስ ብሏቸው፣ “ምነው ባሻ፣ ያ ሁሉ ጥርስ ለታይታ ነው እንዴ?” አሉ።

«ምን ላድርግ፣ ይህ በሬ ታላቄ ነው፤ ታላቅ ይነከሳል እንዴ?»

ቀኛዝማች ወይራዋን ስጠኝ ቢሉ እምቢ፣ ለውጠኝ ቢሉ እምቢ ስላሏቸው፣ “ድሮም የኔ ናት” ብለው ባሻን ከዳኛ አቆሟቸው። በዚያ አገር ደንብ የድንበር ዛፍ ከጥንት ጀምሮ ቅርንጫፉን ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ነው የሚፈረደው። ባሻ ጨነቃቸው። ወይራዋ ከሄደች ጥርሳቸውም ተከትሏት መሄዱ ነው፤ የቀራቸው ዕድሜ በአጥሚት ሊያልቅ! እውነቱን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ግን ቀኛዝማች ላይ ማን ደፍሮ ይመስክር? አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዷ ለቅሶ አለብኝ አለች።

ቀኛዝማች ሦስት ጭሰኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ሦስቱም ምለው፣ “ጌታችን አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከዚህች ወይራ መፋቂያ ቆርጠው ሲፍቁ አይተናል” አሉ።

ዳኛውም፣ “ባሻ፣ የእርስዎስ ምስክሮች የታሉ?” ሲሉ፣ ባሻ ራቅ ብሎ ለተቀመጠው ሳይቀር እንዲታይ አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

«ሠላሳ ሁለት ናቸው ጌታዬ፤ ይኸው ተሰልፈው ቆመዋል። ያሳደገቻቸው ያቺ ወይራ ናት።»

ሸንጎው በሣቅ አወካ። ቀኛዝማች ነጠላቸውን ጎትተው አፋቸውን ሸፈኑ። ዳኛው ሣቃቸውን ውጠው፣ “እንዴ ቀኛዝማች፣ እርስዎም አርባ ዓመት ከፋቁ፣ የእርስዎ ጥርሶች ታዲያ የት ሄዱ?” ብለው ጠየቁ። ባሻ እጅ ነሥተው በቀኛዝማች ፈንታ መለሱ፦

«በሐሰት ከመመስከር ስደት ይሻለናል ብለው ነው ጌታዬ።»