ከጉልላቱ የተጀመረ ክዳን

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ኧረ እንደ ሰው መልሱልኝ! እራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ዘመን፣ ክረምት ክረምት በነበረበት ጊዜ፣ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢሻው ይባላል። ቢሻው ጉልበታም ነው፣ ሥራ አይፈራም፤ ኩራቱ ግን ለብቻው አንድ በሬ ያህላል። እንጉዳይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የምትወልደው ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ በሚብስበት ወር። የጎጇቸው ሣር ደግሞ አርጅቶ ሰማይ ያሳያል።

ግንቦት ገባና እንጉዳይ እንዲህ አለች፦ «ቢሻው፣ ደቦ ጥራና ቤታችንን እናስከድን።»

ቢሻውም፦ «ለአንዲት ጎጆ ደቦ? የሰው እጅ አላይም! ብቻዬን እከድነዋለሁ» አላት።

ወጣና ከደነ። ግን ከየት ጀመረ መሰላችሁ? ከጉልላቱ! መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነዋ! ሣር የሚከደነው ከታች ተጀምሮ ነው። የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብና ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል። ቢሻው ግን የታችኛውን በላይኛው ላይ ደረበው። ጉድ በሉ!

ከዚያም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ውሃው በድርቡ መሐል ገባና መደቡ ላይ ተንዠቀዠቀ። እንጉዳይ ሆዷን ይዛ ከጥግ ወደ ጥግ ዞረች፤ ደረቅ ቦታ አጣች። «ልጄን ውሃ ውስጥ ልወልድ ነው?» ብላ አለቀሰች። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ከዚያም እንባዋን ጠረገችና ነጠላዋን ደረበች።

ቢሻውም፦ «የት ልትሄጂ ነው?»

እንጉዳይም፦ «ደቦ ልጠራ።»

ቢሻውም፦ «ሴት ደቦ ስትጠራ የት አየሽ? አታዋርጂኝ!»

እንጉዳይም፦ «አንተ ብትዋረድ አትሞትም። ሕፃን ብርድ ከመታው ግን ይሞታል» አለችና ወጣች።

በሰፈሩ የደቦ ቀን የሚቀጥሩት ሽማግሌው አባ ገላው ነበሩ። ነገሯን ሰሙና ፊታቸውን አኮሳተሩ፦ «ልጄ፣ ባልሽ በማንም ደቦ ላይ ውሎ አያውቅም። ማን ይመጣለታል?»

እንጉዳይም፦ «እሱስ አልዋለም፣ እውነት ነው። እኔስ? የእርስዎ ቤት ሲመረግ ጭቃውን ያቦካ ማነው? ውሃውን ከወንዝ ያመላለስኩት ይህንኑ ሆዴን ይዤ አይደለም? ለእሱ አትምጡ። ለእኔ ኑ!» አለቻቸው።

አባ ገላውም ሳቁና፦ «አይ አንቺ! እውነትሽን ነው። ሐሙስ እንመጣለን» አሉ።

ሐሙስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የቢሻውን ክዳን አንድም ሳያስቀሩ አወረዱት። አንዱ ከጣራው ላይ ሆኖ፦ «ቢሻው፣ ይህን ስትከድን ተዘቅዝቀህ ነበር እንዴ?» አለና ሁሉንም አሳቀ። ቢሻው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ቢሆንም አልሸሸም። ዶማውን አነሳና ጎርፉ ወደ ገደሉ እንዲሄድ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፈረ። ከዚያም ፍልጡንና ኩበቱን አስገባ፣ እህሉንም ከመሬት አንስቶ ቆጥ ላይ አወጣ። ክዳኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀና ሰዉ ጠላውን ጠጥቶ ተመሰጋግኖ ተለያየ። እንጉዳይ ቤቷን ዞራ አየችና ወደ ሰማይ ቀና ብላ፦ «እንግዲህ ይምጣ!» አለች።

መጣ። ሐምሌ ላይ፣ ምጥ በያዛት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ወረደ፣ ጎርፍ የሰው አጥር ነቅሎ ሄደ። ወንድ ምጥ ላይ አይገባምና ቢሻው ከደጅ ቆመ። የጣራው ውሃ በሙሉ በእሱ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ግን ይጮኻል፦ «ያፈሳል?»

አዋላጇም ከውስጥ፦ «አያፈስም!»

ትንሽ ቆየና፦ «ኧረ እዩልኝ፣ ያፈሳል?»

አዋላጇም፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ጣራ አይደለም የምናየው! ተወን!»

ከዚያም እልልታ ተሰማ። ቢሻው ዘሎ ገባ። በቤቱ አንዲት ጠብታ የለም። ሕፃኗ ከእናቷ ጎን ሞቅ ብሏት ተኝታለች። ቢሻው አጠገባቸው ተንበረከከና ተንሰቀሰቀ፦ «እንጉዳይ፣ ይቅር በይኝ። በእኔ ኩራት ልጃችን…»

እንጉዳይም፦ «ኧረ ዞር በል! ቤቱስ አያፈስም፤ ልጄ ላይ የምታፈሰው አንተ ነህ!»

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። በሉ ከዚያ ዳቦ ገመስ አድርጉና አፌን አብሱልኝ።